ሰንጠረዥ፦ ከይፋት መንገድ እስከ ኮምፒውተር

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ቃል ልጻፍ። ልጆቻችን በሒሳብ ደብተራቸው ላይ የሚያሰምሩት፣ የቢሮ ሰው ቁጥር የሚደረድርበት ባለ ረድፍና ባለ ዓምድ ነገር «ሰንጠረዥ» ይባላል አይደል? ስሙን ያገኘው ከጨዋታ ነው። ሕንዶች «ቻቱራንጋ» ያሉትን ፋርሶች ወሰዱት፣ አረቦች «ሻጥራንጅ» አሉት፣ እኛ ጋ ሲደርስ «ሰንጠረዥ» ሆነ። ዛሬ ቼዝ የምንለው የዚሁ ጨዋታ የአውሮፓ ዘመድ ነው።

እኔ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። እዚህ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ጥላ ፈልጎ በስልኩ ቼዝ የሚጫወት ወጣት አይጠፋም። እናም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ ሰሌዳው ሳስቶ ግንብና ወታደር ብቻ ሲቀሩ፣ ማሽኑ መጨረሻውን እንዴት ያውቀዋል?

መጀመሪያ ላይ አያውቀውም ነበር። ፊቱ ያልተዘጋበት፣ የሚያቆመው የጠላት ወታደር የሌለ ወታደር ንግሥት ለመሆን አምስት ስድስት እርምጃ ሊቀረው ይችላል። የተጋጣሚው መልስ ሲጨመርበት አሥር፣ አሥራ ሁለት ይሆናል። የድሮ ኮምፒውተር ያን ያህል አርቆ አያይም፤ አደጋው አፍንጫው ሥር እስኪደርስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሰውን ምክር በነጥብ አስገቡለት። ወታደሩ በቀረበ ቁጥር ነጥቡ ይጨምር፤ ግንብም ከወታደሩ ኋላ ሲቆም ተጨማሪ ያግኝ። ይህ ሁለተኛው ጀርመናዊው ታራሽ ያስተማረው የቆየ ምክር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ግን ከሥሩ የተለየ ነው፦ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር። ንጉሥ የተያዘባቸውን አቀማመጦች በሙሉ ትይዛለህ፤ ከዚያ «እዚህ ለመድረስ ከአንድ እርምጃ በፊት ምን ነበር?» ትላለህ፤ እንደገና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እንደገና። ሪቻርድ ቤልማን መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1965 ጠቆመ፤ ዩኒክስን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በተግባር አሳየ። ዛሬ ሁለት ንጉሥ፣ ሁለት ግንብና አንድ ወታደር የቀሩበት ማንኛውም አቀማመጥ መልሱ ተጽፎ ተቀምጧል። ባለ አምስት ቁራጩ መዝገብ በሙሉ አንድ ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ስልካችን ላይ ይገባል። ባለ ስድስቱ 150 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። በ2018 የተጠናቀቀው ባለ ሰባቱ ግን ከ16 ቴራባይት በላይ ነው። እንግዲህ ይሄ መዝገብ በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል? ሰንጠረዥ! የሰንጠረዥ ሰንጠረዥ።

ወደ አገራችን ልመለስ። የእኛው ሰንጠረዥ ቁራጮች ስም መንገዱን ይናገራል። ፈርዝ፣ ማለትም የንጉሡ አማካሪ፣ ከፋርስ በአረብኛ በኩል የመጣ ቃል ነው፤ ፊልም በአረብኛ ዝሆን ነው። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ከዘይላ ወደብ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው ትልቁ የነጋዴ መንገድ በይፋት ያልፍ ነበር። የወላስማ ሥርወ መንግሥት የነገሠበት አገር ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል-ዑመሪም የአገሩ ሰው አረብኛ እንደሚናገር መዝግቧል። አስባሪ፣ መሳልና ኖራ የተባሉት የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ጨው፣ ጨርቅና መጽሐፍ በወጣበት ዳገት ጨዋታም ወጥቷል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ሆነ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ይጠቅሳሉ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግሬውን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። ደንቡን በዝርዝር የጻፈው ደግሞ በ1860 የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፤ መስመሩ ጥቁር ወይም ሰማያዊ፤ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም፤ መጀመሪያ የሚበላ ቁራጭ እስኪኖር ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ይህም «ወረራ» ይባላል። ወታደሩ «መደቅ» ዳር ሲደርስ ንግሥት አይሆንም፤ ፈርዝ ነው የሚሆነው፣ እሱም በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። ስለዚህ ፊቱ የተከፈተ መደቅ እንደ ዛሬው ቼዝ አያስደነግጥም፤ ግንቡ «ደር» እስከ መጨረሻው የሰሌዳው ጌታ ነው።

ነገር ግን ጌታ ቢሆንም ክብር አያስገኝም! በደር ወይም በፈረስ ንጉሥ መያዝ ተራ ነገር ነበር። የሚደነቀው በደካሞቹ፣ በፊል፣ በፈርዝና በመደቅ የጨረሰ ነው። ጦሩ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥም አይያዝም። ስለዚህ አሸናፊው ጠላቱን ሙልጭ አድርጎ ከበላ ድሉን ራሱ አበላሸ ማለት ነው፤ ለተጋጣሚው ጥቂት ጦር እየተወ፣ በትንንሾቹ እያጠበበ መጨረስ አለበት። በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ደግሞ ዝም አይልም፤ እየጮኸ ይመክራል።

አሁን ሁለቱን አስተያዩአቸው። የኮምፒውተሩ መዝገብ የሚያውቀው ሦስት ነገር ነው፦ ማሸነፍ፣ መሸነፍ፣ እኩል መውጣት። የአያቶቻችን ጨዋታ አራተኛ ነገር ይጠይቃል፦ እንዴት አሸነፍክ? ወረራውም ቢሆን ማሽኑን ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱም ስሌቱ በሙሉ «እኔ አንድ፣ አንተ አንድ» በሚል ተራ ላይ የቆመ ነው።

ይሁን እንጂ አይቻልም ማለት አይደለም። ፌሪ ስቶክፊሽ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሻጥራንጅንና የታይላንዱን ማክሩክ ይጫወታል። የእኛንም ፍጻሜ ወደ ኋላ ቆጥሮ መመዝገብ ለዛሬ ኮምፒውተር ከባድ ሥራ አይደለም፤ «በየትኛው ቁራጭ ተያዘ?» የምትል አንዲት ዓምድ መጨመር ነው። ማሽኑ ግን ከመጨረሻው ተነሥቶ የሚቆጥረው መጨረሻው ምን እንደሆነ ሰው ከነገረው ብቻ ነው። ያን የሚነግረው ደንብ ዛሬ በእጃችን ያለው በአብዛኛው መንገደኞች አይተው በጻፉት ልክ ነው። የየአውራጃው ልማድ፣ የቁራጮቹ ስም፣ ሲያሸንፉ የሚባለው ፉከራ የሚኖረው ተጫዋቹ ጋ ነው።

ስለዚህ ከአንኮበር እስከ ካራቆሬ፣ ከአልዩ አምባ እስከ አጣዬ ያላችሁ፣ ሌላም አገር ያላችሁ፦ ሰንጠረዥ ሲጫወት ያየ አያት፣ አጎት፣ ጎረቤት ካላችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ። «ደር ስንት ይራመዳል?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እሱ ተጽፏል። «የሚያኮራው አጨራረስ የትኛው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። መልሱን እዚሁ ሥር ጻፉት።