አሻራና ምስጢር ቁጥር

በአገራችን እውቀት ለዘመናት የወረደው ከትልቅ ወደ ትንሽ ነው። ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከአለት በተፈለፈለባት በሰቆጣ ምድርም ልጅ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥር፣ ዳዊት ይደግም ነበር። ሽበት የአዋቂነት ምልክት ነበረ።

ይህ ሥርዓት የተገለበጠው የእጅ ስልክ በመጣ ጊዜ እንዳይመስለን። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ተማሪዎች በየገጠሩ ወርደው አባትና እናት የሚሆኗቸውን ሰዎች ፊደል አስቆጠሩ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኘ። የማስተማሪያ ቋንቋዎቹ ቀስ በቀስ 15 ሲደርሱ ግን ኽምጣኛ ከመካከላቸው አልነበረም። ኽምጣኛ ተናጋሪው የዋግ ገበሬ ፊደሉን ከነባዕድ ቋንቋው መማር ነበረበት። ከዚያም የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዋግን ክፉኛ መታው፤ ከፊደል በፊት እህል የሚፈለግበት ዘመን ሆነ።

እኔ በባንክ መስኮት ጀርባ ሆኜ የዚያን ትውልድ ሰዎች አያለሁ። አንዱ ስሙን ፊደል በፊደል እየለቀመ ይጽፋል፤ ሌላው አውራ ጣቱን ቀለም ያስነካል። ሁለቱም የሚፈርሙት ግን በገዛ እጃቸው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ይበልጥ ወደ ስልክ ገብቷል። ብዙ አዛውንትም «አንተ ታውቅበታለህ ልጄ» ብለው ስልካቸውን ከነምስጢር ቁጥሩ ለልጅ ልጃቸው ይሰጣሉ። አሻራ ከባለቤቱ ጣት አይለይም፤ ምስጢር ቁጥር ግን በሌላ ሰው አፍ ሊያድር ይችላል።

በሁለቱ ዘመናት ወጣቶች መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ዘማቹ ያስተማረው፣ እርሱ ሲሄድ ገበሬው ራሱን እንዲችል ነበር። የዛሬው ልጅ ግን በአያቱ ፈንታ ቁጥሩን ነካክቶ ስልኩን ይመልሳል። ፍቅር አጥቶ አይደለም፤ ማድረጉ ከማስተማሩ ስለሚፈጥን ነው። አያት ግን በማግስቱም ልጁን ይጠብቃሉ።

ዛሬ ኽምጣኛ በዋግ ኽምራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ዘማቹ ያልነበረው ቋንቋ በልጅ ልጅ አንደበት አለ ማለት ነው። እንግዲህ የቀረው ትዕግሥት ነው፤ አያት ራሳቸው ቁጥሩን ሲነኩ፣ ሲሳሳቱ፣ ደግመው ሲሞክሩ እጅን ሰብስቦ አጠገባቸው መቀመጥ።