የጋራ የሆነውና የግል የሆነው፦ ከቀደምቶቻችን ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የኢኮኖሚ ምሁራን ሀብትን የግልና የጋራ ብለው ይከፍሉታል። አንዱ የበላውን ዳቦ ሌላው አይበላውም፤ የመንገድ መብራት ግን ለአንዱ በርቶ ለጎረቤቱ አይጠፋም። በሁለቱ መካከል ደግሞ እንደ ውሃና ግጦሽ ያሉ፣ ሁሉም የሚፈልጋቸው ግን ካልተጠበቁ የሚያልቁ ነገሮች አሉ። ክርክር የሚበዛው በነዚህ ላይ ነው። ቀደምቶቻችን ጉዳዩን እንዴት እንደዳኙት ዛሬ በሦስት ታሪኮች እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

የመጀመሪያው የሩማህ ጉድጓድ ነው። በ622 እ.ኤ.አ. ወደ መዲና የተሰደዱት ሙስሊሞች የንጹህ መጠጥ ውሃ እጥረት ገጠማቸው። የሩማህ ውሃ ጣፋጭ ነበር፤ ባለቤቱ ግን በገንዘብ ይሸጠዋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉድጓዱን ገዝቶ የራሱን መቅጃ ከሙስሊሞች መቅጃ እኩል ለሚያደርግ ሰው ጀነትን አበሰሩ። ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) ከግል ገንዘባቸው ገዝተው ለሁሉም ሰጡት። ክፍያው የአንድ ሰው፣ ውሃው የሁሉም ሆነ፤ ከፋዩም በወረፋው ላይ ብልጫ አልነበራቸውም። የጋራ ነገር ሁሉም «ሌላው ይክፈል» እያለ ሲጠባበቅ ሳይሠራ ይቀራል። ዲናችን ግን ቀድሞ ለሚከፍለው ሰው ምንዳውን በአኺራ አስቀመጠለት። የወቅፍም ቁም ነገር ይኸው ነው።

ሁለተኛው የመእሪብ ጨው ነው። አብየድ ኢብኑ ሐማል (ረ.ዐ.) በየመን መእሪብ የሚገኘውን የጨው ስፍራ እንዲሰጧቸው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። በቦታው ከነበሩት አንዱ ግን ያ ጨው እንደማይቋረጥ ውሃ መሆኑን ሲናገር ስጦታው ተመለሰ። ባድማ መሬትን በላቡ ያለማ ሰው የግሉ ያደርገዋል። አላህ (ሱ.ወ.) ያለ ድካም ለሁሉም የዘረጋውን ግን አንድ ሰው አጥሮ ሊይዘው እንደማይገባ ዑለሞች ከዚህ ተረድተዋል።

ሦስተኛው ከ634 እስከ 644 እ.ኤ.አ. ኸሊፋ በነበሩት በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን የሆነ ነው። ኢማም ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ዑመር በተከለለው የጋራ ግጦሽ ላይ ሁነይ የተባለ ሰው ሾሙ። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማንን መንጋ ግን እንዳያስገባ አዘዙት። የሀብታሞቹ ከብት ቢያልቅ የተምር ዛፍና እርሻ አላቸው። የድሃው ቢያልቅበት ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ይመጣል፤ ያኔ ከበይተል ማል ወርቅና ብር ሊሰጠው ነው። ሣርና ውሃ ከዚያ ይረክሳል ብለው አሰቡ።

ልብ በሉ! ከግጦሹ የተከለከሉት ዑስማን፣ ጉድጓዱን የገዙት ዑስማን ናቸው። የትናንት ሰደቃቸው የዛሬ ቅድሚያ አልገዛላቸውም።

ውድ ቤተሰቦች! በመስጂዳችን የውዱእ ቧንቧም ሆነ በሰፈራችን የውሃ ጉድጓድ፣ ብዙ ያዋጣው ሰው ቁልፉን በኪሱ አይያዝ። ሲያጥር ደግሞ በቤቱ ቧንቧ የሌለው ይቅደም። አላህ ከሚሰጡት እንጂ ከሚያጥሩት አያድርገን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።