የአትክልት ዘርን ከመዝራት በፊት መፈተሽና ማከም

በችግኝ መደብ ላይ የተዘራ የአትክልት ዘር በሚገባ ሳይበቅል ሲቀር ወቀሳው ብዙውን ጊዜ በዘር ሻጩ ላይ ያርፋል። ይሁን እንጂ ዘሩ በአያያዝ ጉድለት አቅሙን ያጣ፣ በሽታ ያዘለ ወይም ያለ ዝግጅት የተዘራ ሊሆን ይችላል። በተለይ የሽንኩርት ዘር የመብቀል አቅሙን ፈጥኖ የሚያጣ በመሆኑ ካለፈው ዓመት የተረፈውን ሳይፈትሹ መዝራት አይመከርም።

ፍተሻው ቀላል ነው። 100 ፍሬ ዘር ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ በመጠቅለል ሞቅ ባለ ቦታ ማስቀመጥና ጨርቁ እንዳይደርቅ መከታተል ይበቃል። ጥቅል ጎመን እስከ 10፣ ሽንኩርት እስከ 12፣ ቲማቲምና በርበሬ እስከ 14 ቀናት ይጠበቃሉ። የበቀለው ከግማሽ በታች ከሆነ ዘሩን መቀየር የመደቡን ድካምና የወቅቱን ጊዜ ያድናል።

ሽፋናቸው ጠንካራ የሆነ እንደ ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ባሚያ ያሉ ዘሮች ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ አንድ ሌሊት ቢዘፈዘፉ ቶሎ ይበቅላሉ። ከዚያም በጥላ ሥር ጠፈፍ አድርጎ በዚያው ቀን እርጥበት ባለው አፈር ላይ መዝራት ያስፈልጋል፤ የተዘፈዘፈ ዘር ደረቅ አፈር ላይ ካረፈ ጨርሶ ሊሞት ይችላል። ፎሶሊያ ግን ውሃ በፍጥነት ሲስብ ስለሚሰነጠቅ አይዘፈዘፍም።

የሙቅ ውሃ ሕክምና ዓላማው ብቅለትን ማፋጠን ሳይሆን በዘር የሚተላለፉ በሽታዎችን መቀነስ ነው። ከእነዚህም አንዱ የጥቅል ጎመንን ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ እያቢጫ ሥሮቹን የሚያጠቁር የባክቴሪያ በሽታ ነው። ዘሩ በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ለ10 ደቂቃ ከተሟሟቀ በኋላ ወደ 50 ዲግሪ ውሃ ይዛወራል፤ ጥቅል ጎመንና ቲማቲም 25፣ ካሮትና አበባ ጎመን 20 ደቂቃ ይቆያሉ። ወዲያውኑም በቀዝቃዛ ውሃ ለ5 ደቂቃ ተነክሮ በጥላ ይደርቃል። ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ቢያልፍ ዘሩ ይሞታል፣ ቢያንስ በሽታው ይተርፋል። ስለዚህ በእጅ ዳሰሳ መገመት አያዋጣም፤ ቴርሞሜትር የግድ ነው። አስቀድሞ በጥቂት ፍሬ መሞከርም ይገባል። ያረጀ ዘር፣ እንዲሁም የዱባና የኪያር ዘር በዚህ ዘዴ ስለሚጎዱ አይታከሙም።

ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር አብዛኛውን ጊዜ በኬሚካል የታሸ በመሆኑ ዳግመኛ አይዘፈዘፍም፣ አይታከምም። በእጅ ጓንት መያዝ፣ ከሕፃናትና ከዶሮ ማራቅ፣ የተረፈውንም ለምግብም ሆነ ለመኖ አለማዋል ግዴታ ነው።

የዘሩ ማሸጊያና የግዥ ደረሰኝ ችግኙ ወደ ማሳ እስኪዛወር ድረስ መጣል የለባቸውም። ዘሩ ሳይበቅል ከቀረ በማሸጊያው ላይ ያለው የምርት ቁጥርና የቤት ፍተሻው ውጤት ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይቀርባሉ።