ረድፍ የሚቀይር አሽከርካሪ በኮምፒውተር ስሌት ውስጥ

በአውራ ጎዳና ላይ ረድፍ መቀየር ጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚወስድ ተግባር ነው። አሽከርካሪው ስፖኪዮውን ያያል፣ ፍሬቻ ያሳያል፣ ክፍተት ሲያገኝ ይገባል። የትራፊክ ፍሰትን በኮምፒውተር አስመስለው ለሚያጠኑ ባለሙያዎች ግን ይህ ቅጽበት ከአስቸጋሪ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ከፊት ያለን መኪና ተከትሎ መሄድን በቀመር መግለጽ በአንጻሩ ይቀላል፤ ረድፍ የሚቀይረው ግን በራሱ ረድፍ ከፊቱ ያለውን፣ በሚገባበት ረድፍ ደግሞ ከፊትና ከኋላ የሚሆኑትን በአንድ ጊዜ ማመዛዘን አለበት።

ፒተር ጊፕስ በ1986 ያሳተመው ሞዴል ውሳኔውን በሦስት ጥያቄዎች ከፈለው፤ መቀየር ይቻላል ወይ? ያስፈልጋል ወይ? ይጠቅማል ወይ? የመታጠፊያው ርቀትም ከስሌቱ ገባ። አሽከርካሪው ከመታጠፊያው ሲርቅ ፍጥነት የሚያገኝበትን ረድፍ ይመርጣል፤ ሲቃረብ ግን የሚያስበው ወደ ትክክለኛው ረድፍ ስለመድረስ ብቻ ነው።

በ2007 አርነ ኬስቲንግ፣ ማርቲን ትራይበርና ዲርክ ሄልቢንግ «ሞቢል» የተባለውን ሞዴል ይፋ ሲያደርጉ ጨዋነትን በቁጥር አስገቡ። ቅድሚያ የሚጠየቀው ደኅንነት ነው፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ከተወሰነ ልክ በላይ ፍሬን ለመያዝ የሚገደድ ከሆነ መቀየር አይፈቀድም። ልኩ 4 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ቢሆን፣ ፍጥነትን በየሰከንዱ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደመቀነስ ነው። ቀጥሎ ጥቅሙ ይሰላል። ለምሳሌ በዚሁ መለኪያ ቀያሪው 0.6 ያተርፋል፣ በአዲሱ ረድፍ ከኋላው የሚሆነው 1.4 ያጣል፣ በቀድሞው ረድፍ ከኋላው የነበረው 0.2 ያገኛል እንበል። የጨዋነቱ ቁጥር ዜሮ የሆነ አሽከርካሪ የራሱን 0.6 ብቻ አይቶ ይገባል። ቁጥሩ 0.5 የሆነው ግን የሌሎቹን የተጣራ ኪሳራ፣ 1.2ን፣ በግማሽ ይቆጥራል፤ ትርፉ ዜሮ ስለሚሆን በረድፉ ይቆያል። ቁጥሩ ከዜሮ በታችም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ራሱ ቢጎዳ እንኳ ሌላውን በማሰናከል የሚደሰት አሽከርካሪ ነው። እንዲህ ያለውን በመንገድ ላይ ያላየ የለም።

ሞዴሉ የሚፈተነው በመጨናነቅ ጊዜ ነው። ከመጋቢ መንገድ ወደ አውራ ጎዳናው የሚገባ መኪና ደኅንነቱ የተጠበቀ ክፍተት ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ በረድፉ ጫፍ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ከኋላውም በእውነተኛው ዓለም የሌለ ሰልፍ ይፈጠራል። የጀርመን የጠፈርና የበረራ ምርምር ማዕከል ያበለጸገው «ሱሞ» የተባለ ፕሮግራም፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ፣ ለ300 ሰከንድ መንቀሳቀስ ያቃተውን መኪና ካለበት አንሥቶ በጉዞ መስመሩ ወደፊት ያስቀምጠዋል። ስሌቱ እንዳይቆም የሚረዳ ዘዴ ቢሆንም፣ የመንገድ ስፋት የሚወስን መሐንዲስ እንዲህ የተነሡትን መኪናዎች ሳይቆጥር ውጤቱን ማመን የለበትም። ለዚህ ጉድለት ፒተር ሂዳስ በ2002 ባቀረበው ጥናት፣ የኋለኛው መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ ቦታ የሚለቅበትንና ቀያሪው በግድ የሚገባበትን ሁኔታ ለየብቻ ቀምሯል።

ሞዴሎቹ የሚመዘኑት ከመንገድ በተቀረጸ መረጃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2005 በካሊፎርኒያ፣ በኤመሪቪል ከተማ፣ በባለ 30 ፎቅ ሕንጻ አናት ላይ በተተከሉ ሰባት ካሜራዎች የተቀረጸው ነው፤ 500 ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ የእያንዳንዱን መኪና ቦታ በየአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ይዟል፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 45 ደቂቃ ነው። ከዚያ የተገኘ የጨዋነት ቁጥር የዚያ ጎዳና አሽከርካሪዎች ቁጥር ነው፤ ሌላ ከተማ ሊጠቀምበት ሲፈልግ በራሱ መንገድ ላይ እንደገና መለካት ይኖርበታል።