ሰባት በአርባ ሦስት

ቀረብ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው እኔ የአይሱዙ ረዳት ሆኜ ፍኖተ ሰላም በምኖርበት ጊዜ ነው። መኪናችን ነጭ ኤንፒአር ነበረች፤ አራት ሲሊንደር፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌላት። ከቡሬ በርበሬ ጭነን አዲስ አበባ እንገባለን፣ ስንመለስ ያገኘነውን እንጭናለን። የማዳበሪያ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ደምበጫ ላይ ታጥፈን ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ፈረስ ቤት እንወጣለን። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጠጠሩንም ጭቃ ይውጠዋል። ላይ ደርሰን ማዳበሪያውን እናራግፍና ድንች ጭነን እንወርዳለን።

አንድ ቀን ባለመኪናው፣ ጋሼ የምንለው ሰው፣ ከአዲስ አበባ ወሬ ይዞ መጣ። «ዲፍረንሻሏን እንለውጣለን። 8 በ39 ከገባላት ትበራለች፣ ናፍጣም ትቆጥባለች አሉኝ» አለ። ዓይኑ ያበራ ነበር። እውነቱን ለመናገር የእኔም አብርቷል፤ መብረር የማይወድ ረዳት የት አለ?

ሰፈራችን ውስጥ በፊያት 682 ዘመን እጁን የፈታ ሽማግሌ መካኒክ ነበር። መኪናዋን ወሰድንለት። ከኋላዋ ስር ጎንበስ ብላችሁ ካያችሁ በሁለቱ ጎማዎች መካከል እንደ ቅል የተነፋ ብረት አለ፤ ዲፍረንሻሉ እሱ ነው። ሆዱ ውስጥ ሁለት ጥርሳም ብረቶች ተናክሰው ይኖራሉ። ትንሿ ፒኞን ትባላለች፤ ከካምቢዮው ተነስቶ ወደ ኋላ የሚመጣው ረጅም ዘንግ የሚያዞራት እሷን ነው። ትልቁ ኮሮና ነው፤ ጎማዎቹን የሚያዞረው እሱ ነው። ሽማግሌው ግን ምንም አልፈታም። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አነሳ፣ ሌላው መሬት እንደረገጠ ቀረ። ካምቢዮውን ዜሮ ማርሽ ላይ አደረገና ጠመኔ ሰጠኝ። «ጎማው ላይ አንድ መስመር፣ ዘንጉ ላይ አንድ መስመር አስምር። እኔ ጎማውን ሁለት ጊዜ ሙሉ አዞራለሁ፤ አንተ ዘንጉን ቁጠር።»

ሁለት ጊዜ ለምን ያላችሁ እንደሆነ፣ አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ብቻ ሲዞር ዲፍረንሻሉ የቆመውን ጎማ ድርሻ ጨምሮ ለሚዞረው ይሰጣል፤ ስለዚህ የተነሳው ጎማ ሁለት ዙር ከኮሮናው አንድ ዙር ጋር እኩል ነው። ተንጋልዬ ቆጠርሁ። ስድስት ሆነና ጠመኔው ጥቂት አልፎ ቆመ።

«7 በ43 ናት» አለ ሽማግሌው፣ ቀና ሳይል። ፒኞኗ 7 ጥርስ፣ ኮሮናው 43። 43ን ለ7 ብታካፍሉት 6.14 ይመጣል፤ ሁለቱም ጎማዎች አንድ ጊዜ እንዲዞሩ ዘንጉ ያን ያህል ይዞራል ማለት ነው። ጋሼ የተመኘው 39 ለ8 ሲካፈል 4.875 ነው፤ አምስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሽማግሌው እጁን በጨርቅ እየጠረገ የተናገረው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «ይህ ብረት ጉልበት አይወልድም። ጉልበት የምትወልደው ሞተሯ ናት። ይህ የሚያደርገው መለወጥ ብቻ ነው፤ ዙር ተቀብሎ ጉልበት ይሰጣል። ከ6.14 ወደ 4.875 ስትወርድ ጎማው ከሚያገኘው ጉልበት ከአምስት አንዱን ትተህ ትሄዳለህ። ለመሆኑ መንገድህ የት ነው?»

«አዲስ አበባ» አለ ጋሼ።

«ፈረስ ቤትስ?»

ጋሼ መልስ አልሰጠም። በሳምንቱ ሌላ ጋራዥ ወስዶ አስቀየራት። የወጡትን ብረቶች በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ቤቱ አስቀመጣቸው፤ ለዚህ ግን ሁሌም አመሰግነዋለሁ።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በአስፋልቱ የመጀመሪያውን ጉዞ ስንጓዝ ደስታችን ልክ አልነበረውም። ሞተሯ የምትጮኸውን ጩኸት ትታ ታንጎራጉራለች። ስሌቱ ቀላል ነው። የእኛ ጎማ አንዴ ሲዞር ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል። ሞተርና ዘንግ እኩል በሚዞሩበት ማርሽ፣ ሞተሯ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ስትዞር ድሮ በሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ገደማ እንሄድ ነበር፤ አሁን 61 ደረስን። በዚያው ዙር፣ በዚያው ድምፅ። ለሜዳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኑሮው ባሕር ዳርና ወረታ መካከል፣ በፎገራ ሜዳ ላይ የሆነ ሾፌር ቢያስቀይር ጥበበኛ ነው እለዋለሁ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

አንድ ነገር ግን ማናችንም አላስተዋልንም። የፍጥነት ቆጣሪው ልኬቱን የሚወስደው ከጎማው አይደለም፣ ከካምቢዮው መውጫ ነው። ዲፍረንሻሉ መለወጡን አያውቅም። 60 ብሎ ሲያሳይ መኪናዋ 75 ላይ ናት።

እንዲህ ሆነን በርበሬ ጭነን ዓባይ በረሃ ደረስን።

ደጀን ላይ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናችሁ፤ ታች የዓባይ ድልድይ ጋ ስትደርሱ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዳችኋል። ሰባት ቶን የምትመዝን መኪና ያን ያህል ስትወርድ የምታወጣው ሙቀት 250 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ወይ ሞተሯ ይዛ ትውጠዋለች፣ ወይ ፍሬኑ ይቃጠልበታል። ሾፌራችን ዕድሜውን በዚያ ቁልቁለት የጨረሰ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ በ3ኛ ማርሽ፣ እግሩ ፍሬኑን እምብዛም ሳይነካ ያወርዳታል። የዚያን ቀንም እንደ ልማዱ 3ኛ አስገባ፣ ቆጣሪውን 30 ላይ አደረገ።

30 አልነበረም፤ 38 ነበር። ሞተሯም እንደ ድሮው አልያዘችም። ወደ ፊት ስትሄዱ የቀነሰው ጉልበት ወደ ኋላ ስትይዙም ይቀንሳልና። ጎማው ሞተሯን የሚያዞርበት ዙር አነሰ፣ ሞተሯ ጎማውን የምትጎትትበት አቅም አነሰ። «ምን ነካት?» አለ ሾፌሩ፤ እግሩ ፍሬን ላይ ወረደ። 2ኛ እንዳያስገባ፣ በ2ኛና በ3ኛ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ቢያስገባ ሞተሯ ከልኳ በላይ ትዞራለች። መጀመሪያ በፍሬን ፍጥነቷን መግደል ነበረበት፤ ፍሬኑ ደግሞ ግሏል። ሽታው መጣ። የፍሬን ሸራ ሲቃጠል የሚሸተውን ያሸተተ ሰው በእንቅልፉም አይረሳውም፤ የተቃጠለ ፀጉርና ጎማ አንድ ላይ ነው። በመስኮቴ አንገቴን ሳወጣ ከኋላ ጎማው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል።

ሾፌሩ አልጮኸም። ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ እያደረገ፣ ጠበቅ ባለ ትንፋሽ ፍጥነቷን እስኪያወርድ ድረስ ታገለና 2ኛ አስገባ። ሞተሯ ጮኸች፤ ያ ጩኸት ለእኔ የዚያን ቀን እንደ እልልታ ነበር። ሰፋ ያለ ጥግ ስናገኝ አቆማት። ዘልዬ ወርጄ ታኮ አደረግሁ። ውሃ ላፈስበት ጀሪካኑን ሳነሳ «ተው!» ብሎ ያዘኝ፤ የጋለ ታምቡር ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ላይ ያዩናል። ሾፌሩ እጁ እየተንቀጠቀጠ ውሃ ጠጣና «መኪናዋን ሳያስተምሩኝ ሰጡኝ» አለ። ለዚህ ነው ይህን ታሪክ የማወራው። ሰው ዲፍረንሻል ይቀይራል፣ ለሚነዳው ግን ምን እንደተለወጠ አይነግረውም።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ከድልድዩ ወደ ጎሃ ጽዮን በ1ኛና በ2ኛ እየተንፏቀቅን ወጣን፤ በርበሬውም ደረሰ።

በግንቦት 40 ኩንታል ማዳበሪያ ጭነን ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት ተነሳን። ሾፌሩ አሁን ተጠንቅቋል፤ ጥንቃቄ ግን ማርሽ አይሆንም። ሜዳ ላይ የኋላው ለውጥ ያሳጣችሁን አንድ ማርሽ በመቀነስ ታገኙታላችሁ። ዳገት ላይ 1ኛ ከገባ በኋላ ግን ከሱ በታች ምንም የለም። በዚያ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከአሥር አንዱን ገደማ ያጣል። አየሩ የወሰደውንና ብረቱ የወሰደውን ደምሩት። ዳገቱ ቀጥ ያለበት አንድ እጥፋት ላይ ቆመች። ሾፌሩ ሊያስነሳት ሲሞክር ፍሪሲዮኑ ጨሰ። ሁለተኛ ሲሞክር ወደ ኋላ ተንሸራተተች፣ ታኮዬ ያዛት።

ሃያ ኩንታል በትከሻችን አውርደን ከመንገዱ ዳር ከመርን፤ እሷ ግማሹን ይዛ ወጣች፣ እኔ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። አንድ አባት በቅሎ ጭነው እያዘገሙ ደረሱ። ነገሩን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። በቅሎዋን አሳዩኝና «ልጄ፣ ይቺ ዳገት ስታይ እርምጃዋን ታሳጥራለች። የእናንተዋን ማን አስረዘማት?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዲፍረንሻል ከማንም ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም።

ጋሼ ሰው አልወቀሰም። ጆንያውን ይዞ ወደ ሽማግሌው ሄደ። ሽማግሌው ብረቶቹን በናፍጣ አጥቦ በጣቱ ሲዳስስ አጠገቡ ነበርሁ። ሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ተቀርጿል፤ ፒኞንና ኮሮና ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተፋቅረው የወጡ ጥንዶች ናቸው፣ አንዱን ከሌላ ጋር ማጋባት አይቻልም። 7 እና 43 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸውም እያንዳንዱ ጥርስ በተራው ከሁሉም ጋር ይገናኛል፤ ማለቅም ካለቁ እኩል ያልቃሉ። ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብቶ አዞራቸው፣ የነካካበትን አሻራ አየ፣ ስስ የብረት ቀለበት ጨመረ፣ እንደገና ቀባ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ ቁጥር 90 ዘይት።

ሲጨርስ አንዱን ጎማ በክሪክ አነሳና ጠመኔውን ሰጠኝ። መስመር አሰመርሁ፣ ተንጋለልሁ። ጎማውን ሁለት ጊዜ አዞረው። ጮክ ብዬ ቆጠርሁ፤ አምስት፣ ስድስት፣ ከዚያም ጥቂት።