የብሩ ክብደትና የሐጅ ደረሰኝ

ወደ ሩቅ አገር ለሚሄድ ሰው ከስንቁ ቀጥሎ የሚያስጨንቀው ገንዘቡ ነው፤ ቢይዘው ይከብደዋል፥ ቢተወው ይቸግረዋል። በቀድሞው ዘመን ጠገራ ብር ይዞ ለሚጓዝ ተሳላሚ መቶው ብር ብቻ 2.8 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ድምፁም ሌባ ይጠራል።

ይኸው ጠገራ ብር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በዐረብ አገርም የታወቀ ነበር። ዛሬ ደማምና ኾባር በሚገኙበት በአል ሐሳ ምድር ከሕንድ ሩፒ ጋራ በገበያ ይመነዘር ነበር። በ1930 ዓ.ም. የደማም 7ኛው ጕድጓድ ዘይት በብዛት ካፈለቀ በኋላ በዚያ ሠራተኛ በዛ፤ ደመወዙም የሚከፈለው በብር ሪያል ነበርና ገንዘቡን መቍጠርና ማጓጓዝ ራሱን የቻለ ድካም ሆነ። አንዱ ሪያል 11.6 ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ ሺሁ ሪያል ከ11 ኪሎ ግራም በላይ ነው።

በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ በጅዳ ሥራውን የጀመረው የሳዑዲ ዐረቢያ የገንዘብ ድርጅት የወረቀት ገንዘብ እንዳያወጣ በደንቡ ተከልክሎ ነበር። ሕዝቡ ከብረት በቀር የሚያምነው አልነበረምና። ድርጅቱ ግን በዚያው ዓመት የሐጅ ወራት ሲደርስ ወደ መካ ለሚመጡ ተሳላሚዎች ባለ 10 ሪያል ደረሰኝ አወጣ። ስሙ ደረሰኝ እንጂ ገንዘብ አልተባለም፤ ብሩ በግምጃ ቤት ተቀምጦ ወረቀቱ ምስክር ነው። ከልዩ ልዩ አገር ለሚመጣው መንገደኛ እንዲገባው ጽሑፉ ከዐረብኛ ሌላ በፋርስ፥ በኡርዱ፥ በቱርክ፥ በማላይና በእንግሊዝኛ ቋንቋ ታተመ።

ሐጁ አለፈ፤ ደረሰኙ ግን በነጋዴው እጅ ቀረ። ብሩን የፈለገ ሰው ብሩን እንደሚያገኝ ስላወቀ፥ ሊቀበለው አልቸኰለም። በኋላም ባለ 5 እና ባለ 1 ሪያል ተጨመረ። ኢትዮጵያም በ1937 ዓ.ም. አዲሱን የወረቀት ገንዘብ ስታወጣ የ50 ሳንቲሙን ከእውነተኛ ብር ማሠራቷ ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም። ሳዑዲ ዐረቢያ ገንዘብ ተብሎ የተጠራውን ወረቀት ያወጣችው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ በ1956 ዓ.ም. የሐጁ ደረሰኝ ከገበያ ወጣ። ለማስታወሻ ብሎ በሣጥኑ ያኖረው ተሳላሚ ቢኖር፥ ከዚያ ወዲህ የያዘው ወረቀቱን ብቻ ነው።

ዛሬ በኾባር ገበያ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ማዳ በሚባለው ካርድ ይከፍላል። ከዚያ አገር ለመሳለም ወደ ሌላ አገር የሚሻገር ግን፥ በካርዱ ላይ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ምልክት መኖሩን ሳይነሣ ይመለከታል፤ ካርዱ እንቢ ያለ ዕለት ለእንጀራና ለማደሪያ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብም ለብቻ ይቋጥራል።