ከጀርባው ምን ተጽፏል? የመተማ ልጆችና የኳስ ሥዕሎቻቸው

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነውና የምጽፈው ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ አሜሪካ ውስጥ አንዲት የካርቶን ቁራጭ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ከመዳፍ አትበልጥም። ላይዋ ላይ ሚኪ ማንትል የሚባል የቤዝቦል ተጫዋች ሥዕል አለ። ቶፕስ የተባለ ኩባንያ በ1952 እ.ኤ.አ. ከማስቲካ ጋር እያሸገ ለልጆች በሳንቲም ይሸጣት ነበር። ገዢ ያጣው ትራፊ መጋዘን ሲያጣብብ ኩባንያው ራሱ ጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ደፋው ይባላል። ከዚያም በፊት የነዚህ ካርዶች መነሻ ሲጋራ ነው፤ ፓኬቱ እንዳይጨማደድ የሚገባበት ጠንካራ ወረቀት ነበር፣ በኋላ የተጫዋች ሥዕል ታተመበት። እንግዲህ ከሲጋራ ፓኬት ተነስቶ እዚያ ዋጋ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

"ታዲያ ይሄ ከመተማ ጋር ምን አገናኘው?" ትሉኝ ይሆናል። መተማ ሲባል ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ የሚያነሳው መጋቢት 1881ን ነው፣ አፄ ዮሐንስ የወደቁበትን። ይነሳ፣ ተገቢ ነው። ክፍል ውስጥም አስተምሬዋለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ እዚህ ድንበር ላይ ሰው ኖሯል፣ ነግዷል፣ ተጋብቷል፣ ኳስም ደግፏል። ይሄኛው ታሪክ መጽሐፍ የለውም። ያለው የኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

እኛ ልጅ በነበርንበት በ1980ዎቹ ካርድ አሽጎ የሚሸጥልን ኩባንያ አልነበረም፤ ሰብሳቢው ግን ሞልቶ ነበር። ዋናው ምንጫችን መጠቅለያ ነው። ከገዳሪፍ የሚመጣው ሻይ ቅጠል፣ ለውዝ፣ ስኳር በሱዳን ጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር። እናቶቻችን ስኳሩን ወደ ጣሳ ሲገለብጡ እኛ የምንሻማው ወረቀቱን ነው። የስፖርት ገጽ ከሆነማ ጮቤ መርገጥ ነው! ዓሚ የምንለው የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ አንዳንዴ ያልተጨማደደ ሙሉ ጋዜጣ ከጋቢናው አውጥቶ ይሰጠን ነበር፤ በምላሹ ውኃ እንቀዳለታለን። የማስቲካ ሥዕልም ነበር፣ ከጎንደር የሚመጣ የነሮማሪዮና የነባጂዮ ፖስት ካርድም ነበር።

ልውውጡ የራሱ ገበያ ነበረው። አንድ የሂላል ሙሉ ቡድን ፎቶ ሦስት የአውሮፓ ተጫዋች ያስገኛል። መሪኽ ከሆነ እንደ ሰፈሩ ነው፤ የኛ ሰፈር ሰማያዊ፣ ከገበያው ወዲያ ያለው ቀይ ነበር። መሪኽ በ1989 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ወስዶ ስለነበር እነዚያኞቹ አፋቸው አይቻልም። እኛም "ሂላል በ1987 እና በ1992 የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ፍጻሜ ደርሷል" እንላለን፤ እነሱ "ደርሶ ምን አመጣ?" ይላሉ። አሁን ሳስበው ያ ዋጋ ራሱ ታሪክ ነው። ባጂዮን በዓይናችን አላየነውም፣ በጆሯችንም አልሰማነውም። የሂላል ጨዋታ ግን በኦምዱርማን ሬዲዮ ማታ ማታ ቤታችን ይገባል። የመተማ ልጅ ዓለም የት ድረስ እንደነበረ ማወቅ የሚፈልግ የሥዕሎቹን ዋጋ ይጠይቅ።

ፊርማም ሰብስቤያለሁ። አንድ ጊዜ ከጎንደር ለወዳጅነት ጨዋታ ቡድን መጣና ደብተሬን ይዤ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ዞርኩ። ግማሾቹ እንደ ስም ጥሪ በጥንቃቄ ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት ጻፉልኝ። አንደኛው ግን ደብተሩን አየት አደረገና "ምኑን ነው የምፈርመው፣ ደሞዝ ልትከፍለኝ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ኋላ ግን ፈረመ።

በቆላ ወረቀት ማቆየት ቀላል አይደለም። ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ክረምቱ ያሻግተዋል፣ የተረፈውን ምስጥ ይጨርሰዋል። በዱቄት ሙጫ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሁሉ በዓመቱ ባዶ ግድግዳ ነው የቀረው። የኔ የተረፈው ቆርቆሮ ውስጥ ስለነበረ ብቻ ነው። አንድ ልማድ ደግሞ ነበረኝ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ ላይ ያገኘሁበትን ወርና ዓመት በእስክሪብቶ እጽፍ ነበር።

መምህር ከሆንኩ በኋላ አንድ ክረምት ሁሉንም ምንጣፍ ላይ በዓመት በዓመት ደረደርኳቸው። እስከ 1987 ድረስ የሱዳን ጋዜጣ ሞልቷል። ከዚያ ይቋረጣል። ለሁለትና ሦስት ዓመት ያህል ፖስት ካርድ ብቻ ነው ያለው። ምን ሆኖ? ሰኔ 1987 አዲስ አበባ ላይ የግብጹን ፕሬዚዳንት ሙባረክን ለመግደል ተሞከረ፤ ኢትዮጵያ ጣቷን ወደ ካርቱም ቀሰረች፣ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ከረረ። ዓሚ መምጣት አቆመ፤ እኛ ለምን እንደቀረ የነገረን አልነበረም። ሂላል ከቆርቆሮዬ ወጥቶ ማንቸስተር ገባ። የዲፕሎማቶችን ደብዳቤ ያላየ ሰው ይህን ከልጅ ቆርቆሮ ማንበብ ይችላል።

ከሁሉ የምወደው ግን አንድ ሽማግሌ ነጋዴ የሰጡኝ፣ ከአሮጌ የሱዳን መጽሔት የተቀደደ ገጽ ነው። በ1949 ዓ.ም. የካቲት ካርቱም ላይ ስለተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ እዚያው ካርቱም መሠረቱ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ስትወጣ የሷ ተጋጣሚ የነበረችው ኢትዮጵያ ምንም ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች። የመጀመሪያ ጨዋታችን ፍጻሜ ነበር! ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፣ አድ-ዲባ።

አምስት ዓመት ቆይቶ ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ወሰድን። ግርማ፣ ሁለቱ የቫሳሎ ወንድማማቾች፣ መጨረሻም የጎንደሩ ልጅ መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። ንጉሡ ለአምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫ ሲሰጡ የሚያሳየውን ፎቶ ሁላችሁም አይታችሁታል። ሉቺያኖ በደርግ ጊዜ ተሰዶ በ2015 መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ ነው ያረፈው። ከዚያ ቡድን ስንት ነገር ከሰው ጋር ተሰደደ፣ ስንቱስ ቤት ውስጥ ሻገተ?

በነገራችን ላይ ሰብሳቢ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቁራጭ ላይ "1962" የሚል ካገኛችሁ አትቸኩሉ። በአውሮፓውያን 1962 ዋንጫው የኛ ነው። በኛ 1962 ደግሞ ዋንጫው የሱዳን ነው፤ ካርቱም ላይ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፈው የወሰዱት፣ እኛን 3 ለ 0 የረቱበት። ድንበር ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ስላለ ይሄ ቁጥር ብዙ ሰው አከራክሯል። ሁለቱም ተከራካሪ ልክ ነው።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ስታዲየሙ አዲስ አበባ ነበር፤ ጨዋታው ግን የኛ የድንበርተኞቹ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸንፋን ነበር። በመልሱ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ፣ 2 ለ 0፤ ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ጎሎች ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ከገላባት ተሻግረው ሻይ ቤት አብረውን ሲያዩ የነበሩ ሱዳናውያን ሒሳቡን እነሱ ከፈሉ። የዚያን ሳምንት ጋዜጣ ሁለት ቅጂ አስቀምጫለሁ።

ከዚያ ሚያዝያ 2015 መጣ። ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ፤ ሰው በገላባት በኩል በእግሩ ይጎርፍ ጀመር። ኩመርና አውላላ መጠለያ ተከፈተ። የኛም አካባቢ ሰላም ስላልነበረ የመጡት ሰዎች ሁለተኛ መከራ አዩ። የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘረፈ። ሂላልና መሪኽ የሚጫወቱበት አገር አጥተው በ2024/25 በሞሪታኒያ ሊግ እንግዳ ሆነው ተወዳደሩ። ኦምዱርማን ውስጥ ስንት ቤት፣ ስንት አልበም እንደተቃጠለ የቆጠረ የለም።

አምና አንድ ከኦምዱርማን የመጣ ወጣት እኔ ዘንድ ይመላለስ ነበር፤ አማርኛ ይማራል። ቆርቆሮውን አወጣሁለት። እኛ የመተማ ልጆች አረብኛ እናወራለን እንጂ አብዛኞቻችን ጽሑፉን አናነብም፤ ሥዕሎቹን ሠላሳ ዓመት ያህል ያየኋቸው ያለ ጽሑፋቸው ነው። እሱ ከሥራቸው ያለውን እየጠቆመ ስም በስም አነበበልኝ። የመሪኽን ቡድን ሲያይ ዝም አለና "አባቴ ይቺን ሳሎን ውስጥ በመስታወት አድርጓት ነበር" አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳትና ለአባቱ ላከለት። አባቱ ፖርት ሱዳን ናቸው። መልሳቸው የድምጽ መልእክት ነበር፤ ተጫዋቾቹን ከግራ ወደ ቀኝ አንድም ሳይስቱ ጠሯቸው።

ከዚያ ልጁ ቁራጮቹን ገለበጣቸው። እኔ የቁራጮቹን ጀርባ ነገሬ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ለኔ ጀርባው ቀኑን የምጽፍበት ቦታ ነው። እሱ ግን ማንበብ ጀመረ። አንዱ ላይ የገዳሪፍ የሰሊጥ ዋጋ። አንዱ ላይ የሐዘን መግለጫ፣ የሟች ስም ግማሹ በኔ መቀስ ተቆርጧል። አንዱ ላይ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ። እስካሁን 40 ያህሉን አንብበናል፣ እኔ በአማርኛ እየጻፍኩ። ከ200 በላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ልመናዬ። ከናንተ መካከል አባቱ ወይ አያቱ ከ1949 እስከ 1962 ካርቱም፣ ካይሮ ወይም አዲስ አበባ ላይ የተጫወቱ፣ ወይም ያዩ፣ ትኬት፣ ፎቶ፣ ቴምብር፣ የተፈረመበት ወረቀት ያስቀመጡ ካሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዋናውን አልፈልግም፣ እቤታችሁ ይቀመጥ። ፎቶ አንሱና ላኩልኝ፤ ስታነሱ ግን ጀርባውንም አንሱልኝ።